የዶሮ ቀለብና የእንቁላል ዋጋ

እንቁላል በተወደደ ጊዜ ሸማቹ በባለሱቁ ያማርራል፤ ባለሱቁ አከፋፋዩን ይወቅሳል፤ አከፋፋዩም በአርቢው ያሳብባል። አርቢው ደግሞ ነገሩን ወደ መኖ ሻጩ ይመልሰዋል፤ በዚህም እውነት አለው። በቤት ተዘግተው በሚቀለቡ ዶሮዎች እርባታ ከጠቅላላው ወጪ ከመቶ 60 እስከ 70 እጅ የሚሆነው ለመኖ የሚወጣ ነው። ስለዚህ የእንቁላል ዋጋ በሱቅ መደርደሪያ ላይ ከመቆረጡ አስቀድሞ በመኖው ጆንያ ውስጥ የተቆረጠ ነው።

ይህን ጆንያ የሚሞላው ነጋዴው ነው። በቆሎውን ከገበሬው የሚሰበስበው፤ ፋጉሎውን ከዘይት መጭመቂያ የሚገዛው፤ ቪታሚኑን ከውጭ አገር የሚያስመጣው፤ የተቀላቀለውንም በኩንታልና በኪሎ የሚሸጠው እርሱ ስለ ሆነ፤ የዶሮን አመጋገብ ማወቅ ለአርቢው ብቻ የሚተው ጉዳይ አይደለም። ከዚህ ቀጥሎ ዶሮ የምትፈልገው ቀለብ ምን እንደ ሆነ፤ መኖው እንዴት እንደሚሰላ፤ ርካሽ የሚመስለው መኖ በምን ምክንያት ውድ እንደሚሆንና በአገር ውስጥ የሚገኘው ቀለብ ሳይባክን እንዴት ሊሠራበት እንደሚችል በየተራው ይገለጻል።

የሐበሻ ዶሮና የተሻሻለው ዘር

የሐበሻ ዶሮ በዓመት ከ40 እስከ 60 የሚሆን እንቁላል ትጥላለች፤ የእንቁላሏም ክብደት 40 ግራም ያህል ነው። ቁጥሩ ጥቂት ቢሆንም ከባለቤቷ የምትጠይቀው ነገር ከዚያ ያነሰ ነው። ጠዋት ከቤት ወጥታ ፍርፋሪውን፤ ትሉን፤ ሣሩንና በአውድማ የወደቀውን እህል እየጫረች ራሷን ትመግባለች፤ ማታ ተመልሳ በቆጧ ላይ ታድራለች፤ ጊዜዋ ሲደርስም ታቅፋ በ21 ቀን ጫጩቶቿን ትፈለፍላለች።

እንቁላል ለመጣል የተመረጠው የውጭ አገር ዘር ግን በመልካም አያያዝ በዓመት እስከ 300 እንቁላል ይሰጣል። ሮድ አይላንድ ሬድና ነጭ ሌግሆርን የተባሉት ዘሮች እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ዓመታት በጅማና በዓለማያ የእርሻ ትምህርት ቤቶች በኩል መግባት ከጀመሩ ወዲህ፤ በቅርብ ዘመንም ቦቫንስ ብራውንና ሳሶ የተባሉት ተጨምረው፤ የተሻሻለ ዘር የሚያረቡ ሰዎች በከተማም በገጠርም በዝተዋል። እንደነዚህ ያሉት ዶሮዎች ሥራቸው የበዛ ስለ ሆነ ጭረው ባገኙት ብቻ ሊኖሩ አይችሉም። አንዲት እንቁላል ጣይ ዶሮ በቀን ከ110 እስከ 120 ግራም መኖ ትበላለች፤ ውሃም የመኖዋን ክብደት እጥፍ ያህል ትጠጣለች። መኖው ቢጓደል እንቁላሉ ይቀንሳል፤ ውሃው ቢጓደል ደግሞ ጉዳቱ የፈጠነ ነው። እንግዲህ ዘሩን ለውጦ ቀለቡን ያልለወጠ አርቢ፤ የእርሻ በሬ ገዝቶ ገለባ እንደ ነፈገ ገበሬ የሚቆጠር ነው።

ዶሮ የምትፈልገው ቀለብ

ከውሃ በቀር የዶሮ ቀለብ በአራት ክፍል ይመደባል።

አንደኛው ኃይል የሚሰጠው ነው። ለዚህም ዋናው በቆሎ ሲሆን ማሽላም ሊተካው ይችላል። በቆሎ ብዙ ኃይል ቢኖረውም ፕሮቲኑ ከመቶ 9 እጅ ያህል ብቻ ነው። ቢጫው በቆሎ የእንቁላሉን አስኳል ደማቅ ስለሚያደርገው፤ ገዢዎች የአስኳሉን ቀለም በሚመለከቱበት ገበያ ይመረጣል።

ሁለተኛው ሥጋና እንቁላል የሚሠራው ፕሮቲን ነው። የእንቁላል ዘር ጫጩት በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከመቶ 20 እጅ ያህል፤ እንቁላል የምትጥል ዶሮ ከ16 እስከ 17 እጅ፤ ለሥጋ የሚያድግ ጫጩት ደግሞ በመጀመሪያው ጊዜ 22 እጅ ያህል ፕሮቲን በመኖው ውስጥ እንዲኖር ያስፈልጋል። የኑግ ፋጉሎ 30 እጅ ያህል፤ የተቆላ አኩሪ አተር 37 እጅ ያህል ፕሮቲን አላቸው። የሁለቱ ጠባይ የተለያየ ነው፤ ኑግ ሜቲዮኒን በተባለው የፕሮቲን ክፍል ደኅና ሲሆን ሊሲን በተባለው ድኻ ነው፤ አኩሪ አተር ግን በሊሲን ባለጸጋ ሲሆን በሜቲዮኒን ይጎድላል። ስለዚህ ሁለቱ አንድ ላይ ሲሆኑ አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሞላል።

ሦስተኛው ካልሲየም ነው። የአንድ እንቁላል ቅርፊት ከ5 እስከ 6 ግራም ይመዝናል፤ በውስጡም 2 ግራም ያህል ካልሲየም አለ። ይህ በየቀኑ ከዶሮዋ አካል የሚወጣ ስለ ሆነ፤ በጣይ ዶሮ መኖ ውስጥ ከመቶ ሦስት ተኩል እስከ አራት እጅ ካልሲየም መኖር አለበት። ለጫጩት ግን አንድ እጅ ያህል ይበቃል። የጣይ ዶሮ መኖ ለጫጩት ቢሰጥ ኩላሊቱን ስለሚጎዳው፤ ባለሱቁ ሁለቱን ጆንያ እንዳያሳስት መጠንቀቅ ይገባዋል።

አራተኛው ጨው፤ ልዩ ልዩ ማዕድንና ቪታሚን ነው። መጠኑ ጥቂት ቢሆንም ያለ እርሱ የቀረው ሁሉ ዋጋ ያጣል።

አንድ ኩንታል መኖ ሲሰላ

የመኖ ስሌት ለብዙ ሰዎች የምሥጢር ሥራ ይመስላቸዋል። ነገር ግን ማባዛትና መደመር ለሚያውቅ ነጋዴ የሚከብድ አይደለም። ለምሳሌ ያህል ለጣይ ዶሮዎች የሚሆን አንድ ኩንታል መኖ እንደሚከተለው ሊቀላቀል ይችላል።

በቆሎ 48 ኪሎ፤
የስንዴ ፉርሽካ 10 ኪሎ፤
የኑግ ፋጉሎ 16 ኪሎ፤
የተቆላ አኩሪ አተር 15 ኪሎ፤
የኖራ ድንጋይ ዱቄት 8.5 ኪሎ፤
በእንፋሎት የተቀቀለ አጥንት ዱቄት 1.7 ኪሎ፤
የገበታ ጨው 0.3 ኪሎ፤
የቪታሚንና የማዕድን ድብልቅ 0.5 ኪሎ፤
ድምር 100 ኪሎ።

ፕሮቲኑን ለማወቅ የእያንዳንዱ ኪሎ በፕሮቲኑ መጠን ይባዛል። በቆሎው 4.3 ኪሎ፤ ፉርሽካው (ከመቶ 15 እጅ ሲታሰብ) 1.5 ኪሎ፤ ፋጉሎው 4.8 ኪሎ፤ አኩሪ አተሩ 5.6 ኪሎ ፕሮቲን ያስገኛሉ። ድምሩ 16.2 ኪሎ ስለሚሆን ለጣይ ዶሮ ከሚያስፈልገው ልክ ውስጥ ይገባል።

በዚህ ስሌት ነጋዴው አንድ ትልቅ ነገር ያስተውላል። ከመቶው ኪሎ ውስጥ ከውጭ አገር መምጣት ያለበት የቪታሚኑና የማዕድኑ ድብልቅ ማለትም ግማሽ ኪሎው ነው፤ እንደ ሁኔታውም ጥቂት ሊሲን ወይም ሜቲዮኒን ይጨመር ይሆናል። የቀረው ሁሉ በአገር ውስጥ የሚበቅል፤ የሚፈጭ ወይም ከመሬት የሚቆፈር ነው። ስለዚህ የተቀላቀለ መኖ በሙሉ ከውጭ ማስመጣት በቆሎንና ድንጋይን በውጭ ምንዛሪ መግዛት ይሆናል።

ሆኖም ሦስት ጥንቃቄዎች ያስፈልጋሉ። የመጀመሪያው፤ የፋጉሎው ፕሮቲን እንደ መጭመቂያው ዐይነት ከፍና ዝቅ ስለሚል፤ በብዛት የሚገዛ ሰው ናሙናውን በላቦራቶሪ ማስመርመር አለበት። ሁለተኛው፤ ጥሬ አኩሪ አተር ፕሮቲን እንዳይፈጭ የሚያግድ ነገር ስላለበት ሳይቆላ ለዶሮ አይሰጥም። ሦስተኛው፤ ሁሉም ፋጉሎ አንድ አይደለም። የጥጥ ፍሬ ፋጉሎ ጎሲፖል የሚባል ነገር ስላለው የአስኳሉን ቀለም ያበላሻል፤ የተልባ ፋጉሎም ለጫጩት ተስማሚ አይደለም። ስለዚህ በጆንያው ላይ «ፋጉሎ» ብቻ ተብሎ መጻፉ አይበቃም፤ የምን ፋጉሎ እንደ ሆነ መገለጽ አለበት።

ርካሽ መኖ የሚያስከትለው ኪሣራ

በመኖ ንግድ ውስጥ ከሁሉ የሚከፋው ፈተና ጆንያውን በሚመዝን ነገር ግን በማይመግብ ነገር መሙላት ነው። ከሚገባው በላይ የኖራ ድንጋይ፤ አሸዋ፤ የተፈጨ ገለባ ወይም ብዙ ፉርሽካ ሲገባበት ሚዛኑ አይጎድልም፤ ዋጋው ግን ይረክሳል፤ ገዢውም ይደሰታል። ደስታው ግን ብዙ አይቆይም።

አንዲት ዶሮ በቀን 115 ግራም ትበላለች ቢባል፤ አንድ ኩንታል መኖ 870 ዶሮዎችን ለአንድ ቀን ይቀልባል። ደኅና መኖ ከሚበሉ 100 ዶሮዎች 80ዎቹ በየቀኑ ቢጥሉ፤ ከኩንታሉ 696 እንቁላል ይገኛል። መኖው ተበላሽቶ የሚጥሉት 60 ብቻ ቢሆኑ ግን የሚገኘው 522 እንቁላል ነው። ለሂሳቡ እንዲመች ደኅናው መኖ ኩንታሉ 6,960 ብር ነው ቢባል፤ በአንድ እንቁላል ላይ የሚያርፈው የመኖ ወጪ 10 ብር ይሆናል። የተበላሸው መኖ ከመቶ 10 እጅ ረክሶ በ6,264 ብር ቢሸጥ፤ በአንድ እንቁላል ላይ የሚያርፈው ወጪ 12 ብር ነው። ስለዚህ አርቢው በኩንታሉ 696 ብር ያተረፈ እየመሰለው እያንዳንዱን እንቁላል ከመቶ 20 እጅ አስወድዶ ያመርታል ማለት ነው።

ኪሣራው በአርቢው ላይ አይቆምም። አርቢው ሲከስር ዶሮዎቹን ይሸጣል፤ ቤቱን ይዘጋል፤ ያን ጊዜም መኖ ሻጩ ደንበኛውን፤ ባለሱቁ እንቁላሉን ያጣል። በመኖ ንግድ ለረዥም ዘመን መኖር የሚፈልግ ነጋዴ የደንበኛውን ዶሮዎች እንደ ራሱ ገንዘብ መቁጠር አለበት።

ሻጋታ፤ የማይታየው ጠላት

እ.ኤ.አ. በ1960 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ100,000 በላይ የሚሆኑ የቱርክ ዶሮዎች በድንገት አለቁ። ምክንያቱ ባለመታወቁ በሽታው «ኤክስ» የሚል ስም ተሰጠው። በኋላ ሲመረመር መርዙ የተገኘው ከብራዚል በመጣው የኦቾሎኒ ፋጉሎ ውስጥ ነበር። ፋጉሎው ሻግቶ ኖሮ፤ ሻጋታው ያወጣው መርዝ አፍላቶክሲን ተባለ። ከዚያ ወዲህ በዓለም ገበያ እህልና ፋጉሎ የሚሸጥ ሁሉ የዚህን መርዝ መጠን ለማስመርመር ተገዷል።

ይህ የሩቅ አገር ታሪክ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 ዓ.ም. ታትሞ የወጣ ጥናት በአዲስ አበባና በአካባቢው የተሰበሰቡ 110 የወተት ናሙናዎችን መርምሮ፤ በአውሮፓ ኅብረት ከተፈቀደው የአፍላቶክሲን ልክ ያላለፉት 9 ብቻ እንደ ነበሩ አሳይቷል። ለከብቶቹ ከሚሰጠው መኖ ውስጥ መርዙ በብዛት የተገኘው በኑግ ፋጉሎ ነው። ያው ፋጉሎ ለዶሮም የሚሰጥ ነው። አፍላቶክሲን የዶሮዋን ጉበት ይጎዳል፤ እንቁላሏን ይቀንሳል፤ በሽታ የመቋቋም ኃይሏንም ያደክማል። የሻገተውን እህል ማበጠርም ሆነ መቀቀል መርዙን አያጠፋውም። የሻገተውን ከደኅናው ጋር ማደባለቅ ደግሞ ጉዳቱን ማብዛት ነው።

መከላከያው በነጋዴው እጅ ነው። እህል ወደ መጋዘን የሚገባው እርጥበቱ ከመቶ 13 እጅ በታች ሲሆን ነው። መለኪያ መሣሪያ የሌለው ሰው በደረቅ ጠርሙስ ውስጥ ጥቂት እህል ከደረቅ ጨው ጋር አድርጎ ደኅና አድርጎ ከናጠው በኋላ ጥቂት ይቆይ፤ ጨው በጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ከተጣበቀ የእህሉ እርጥበት ከመቶ 15 እጅ በላይ ስለ ሆነ እንደ ገና ፀሐይ ላይ ይሰጣ። ጆንያ በመሬት ላይ አይቀመጥም፤ በእንጨት ርብራብ ላይ ሆኖ ከግድግዳ ይራቅ። አስቀድሞ የገባው አስቀድሞ ይውጣ፤ የገባበትም ቀን በጆንያው ላይ ይጻፍ። ከመኖ ጋር ክትባት የሚሸጥ ባለሱቅም፤ በቢሾፍቱ የሚዘጋጀው የፈንግል ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ በሚሆን ቅዝቃዜ ካልተጠበቀ ኃይሉን እንደሚያጣ ማስታወስ ይገባዋል። መኖው የቱን ያህል ደኅና ቢሆን ፈንግል የገባበት ቤት ባዶ ይቀራልና።

ኑጉ ይሄዳል፤ ፋጉሎው ይቀራል ወይስ አብሮ ይሄዳል?

የቅባት እህል ላኪዎች በተለይ ሊያስቡበት የሚገባ ነገር አለ። የኢትዮጵያ ኑግ በአሜሪካና በአውሮፓ ከሚፈለግባቸው ምክንያቶች አንዱ በየቤቱ አጸድ ለሚመጡ የዱር ወፎች ቀለብ መሆኑ ነው። አሜሪካም የአረም ዘር አብሮ እንዳይገባባት ኑጉ በሙቀት እንዲታከም ታዛለች። ስለዚህ በአገር ቤት የዶሮ መኖ ተወደደ በሚባልበት ወቅት፤ ለመኖ ዋና የሆነው ዘር በባሕር ማዶ ወፎችን ሲመግብ ይገኛል።

ኑግ ወደ ውጭ መላክ የለበትም ማለት አይደለም፤ የውጭ ምንዛሪ የሚያስገኝ የተከበረ ንግድ ነው። ነገር ግን ኑግ ሳይጨመቅ ሲሄድ ዘይቱም ፋጉሎውም አብረው ይሄዳሉ። በአገር ውስጥ ሲጨመቅ ከዘሩ ክብደት ከግማሽ በላይ የሚሆነው ፋጉሎ ሆኖ ይቀራል፤ ፋጉሎውም እንቁላልና ወተት ይሆናል። ላኪው የኑጉን ዋጋ ሲያሰላ የዘሩን ብቻ ሳይሆን የዘይቱንና የፋጉሎውንም ዋጋ ደምሮ ቢያመዛዝን፤ በአንዳንድ ወቅት መጭመቂያው ከወደቡ ይልቅ የሚያተርፍ ሆኖ ሊያገኘው ይችላል።

ዶሮ አትጾምም

በኢትዮጵያ የእንቁላልና የዶሮ ገበያ ከጾሙ ቀን መቁጠሪያ ጋር የተያያዘ ነው። በዐቢይ ጾም 55 ቀን ብዙው ሸማች ከገበያ ሲርቅ፤ ዶሮ ግን ስለማትጾም በየቀኑ መብላትዋንና መጣልዋን አታቋርጥም። በዚህ ጊዜ ብዙ አርቢ ተስፋ ቆርጦ ደኅና ደኅና ዶሮዎቹን ይሸጣል፤ ፋሲካ ሲደርስም እንቁላሉ ይጠፋል፤ ዋጋውም ይንራል።

አስቀድሞ ያሰበ ነጋዴ ግን ጾሙን የዝግጅት ወቅት ያደርገዋል። ለሥጋ የሚያድግ ጫጩት ከስድስት እስከ ሰባት ሳምንት ስለሚበቃው፤ ለፋሲካ የሚፈለገው ጫጩት በዐቢይ ጾም በመጀመሪያው ወይም በሁለተኛው ሳምንት መግባት አለበት። እንቁላል ጣይ ቄብ በ20 ሳምንት ያህል መጣል ጀምራ ጥቂት ሳምንታት ቆይታ ወደ ሙሉ ምርቷ ስለምትደርስ፤ ለፋሲካ የታሰበችው በጥቅምት ጫጩት ሆና መግባት ይኖርባታል። መኖውም እንዲሁ ነው፤ በቆሎ የሚገዛው በመኸር ጊዜ ዋጋው ሲቀንስ ነው፤ ነገር ግን ከላይ እንደ ተነገረው ደርቆ ካልተቀመጠ የተገኘው ትርፍ ሻጋታ ይበላዋል። በጾሙ ወራት የሚጣለውን እንቁላል ለሆቴሎች፤ ለኬክ ቤቶችና ጾሙን ለማይጾሙ ደንበኞች አስቀድሞ በውል መሸጥ አርቢውን ከጥፋት፤ ባለሱቁንም በፋሲካ ባዶ እጁን ከመቅረት ያድነዋል።

ስለ ምግብ ምርጫ

ዶሮና እንቁላል ከሌላው የእንስሳት ምግብ ጋር ሲነጻጸሩ በቀለብ ቆጣቢ ናቸው። ለሥጋ የሚያድግ ዶሮ ሁለት ኪሎ ያህል መኖ በልቶ አንድ ኪሎ ክብደት ሲጨምር፤ በእህል የሚደልብ ከብት ለዚያው አንድ ኪሎ ስድስት ኪሎና ከዚያም በላይ ይፈልጋል። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2013 ዓ.ም. ባወጣው ጽሑፍ፤ ከእንስሳት እርባታ ወደ አየር ከሚወጣውና ምድርን ከሚያሞቀው ጋዝ ከመቶ 41 እጁ ከከብት ሥጋ ሲሆን፤ ከዶሮ ሥጋና ከእንቁላል የሚመጣው 8 እጅ ብቻ መሆኑን ገልጿል።

ይሁን እንጂ በቆሎ የሰውም ምግብ ነው። ዶሮ ከሰው እህል የምትሻማ ከሆነ ቆጣቢነቷ ይቀንሳል። ስለዚህ በመኖው ውስጥ ፋጉሎ፤ ፉርሽካና ከቢራ ፋብሪካ የሚወጣው የገብስ አተላ በሚገባቸው መጠን ሲገቡ፤ ሰው የማይበላውን ወደሚበላው መለወጥ ይሆናል። የዶሮውም ኩስ ወደ አትክልት ቦታ ሲመለስ የማዳበሪያ ወጪ ይቀንሳል፤ ምንም ነገር ሳይወድቅ ዙሩ ይሞላል።

ከዚህም ሌላ ለባለሱቁ የሚጠቅም ትምህርት በአገሬው ገበታ ላይ ተቀምጦ ይገኛል። በጾም ቀን ሽሮና ምስር፤ በፍስክ ቀን እንቁላል፤ በበዓል ቀን በ12 ብልት የተከፈለች አንዲት ዶሮ ለቤተሰብ ሁሉ የምትበቃበት ሥርዓት፤ ጥቂቱን የእንስሳት ምግብ በብዙ ጥራጥሬ የሚያግዝ ነው። ጥራጥሬና እንቁላል ጎን ለጎን ይዞ የሚገኝ ሱቅ በጾምም በፍስክም ደንበኛ አያጣም።

ይህ ሁሉ የሚጸናው ግን በጆንያው ላይ የተጻፈው በጆንያው ውስጥ ካለው ጋር ሲስማማ ነው። የመኖው ዐይነት፤ ለማን እንደ ተዘጋጀ፤ የፕሮቲኑ መጠን፤ የፋጉሎው ዐይነትና የተቀላቀለበት ቀን በግልጽ ተጽፎ የሚሸጥ መኖ ከሌላው ጥቂት ብር ቢበልጥም፤ አርቢው እንቁላሉን ሲቆጥር ልዩነቱን ያገኘዋል። ቆጥሮ ያገኘ አርቢም ወደዚያው ሱቅ ይመለሳል።